ለሰዓዳ የመጡ ካርዶች

ባለፈው ሳምንት ለሰዓዳ ካርድ መጣ። ሰዓዳ ከኮሌጁ ከወጣች ሁለት ዓመት አልፏታል፤ የላከላት ሰው ግን ይህን አያውቅም። በአንድ በኩሉ ባሕር መካከል ባለ ደሴት ላይ የቆመ፣ ጫፉ ላይ መብራት ያለው ግንብ ፎቶግራፍ አለው። በሌላ በኩሉ የሽማግሌ በሚመስል በሚንቀጠቀጥ ጽሕፈት፣ በእንግሊዝኛ፣ ድምፅሽን ካጣን ቆየን፣ ደህና ነሽ ወይ ይላል።

ይህ አራተኛው ነው። ሦስቱ መሳቢያዬ ውስጥ ናቸው። ለምን እዚያ እንዳሉ በኋላ እናገራለሁ፤ አሁን ብናገር ስለ እሷ የምለውን የሚያምነኝ የለም።

እኔና ሰዓዳ አቃቂ ባለ አንድ የሙያ ማሠልጠኛ ኮሌጅ፣ የኤሌክትሮኒክስ ወርክሾፕ ውስጥ በአንድ ወር የተቀጠርን ረዳቶች ነበርን። እሷ የጋሽ ሸምሱ ልጅ ናት። ጋሽ ሸምሱ ከስልጤ መጥተው አቃቂ በሰቃ ላይ የኤሌክትሪክ ዕቃ መሸጫ የከፈቱ ሰው ናቸው፤ የኮሌጁ አምፖልና ሶኬት በሙሉ ከእሳቸው ሱቅ የሚመጣ ነበር። እኔ የክር ፋብሪካ ሠራተኛ ልጅ ነኝ። ግጥም እጽፋለሁ። ማንም አላስተማረኝም። ያን ጊዜ ይህንን ከሰው ጋር በተዋወቅሁ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ሳልናገር አላልፍም ነበር። ለሰዓዳም ነገርኳት። ሽቦ እየላጠች ነበር፤ ቀና ብላ፣ «እሺ፣ አንዱን በለኝ» አለች። አንዱን አልኳት። እስክጨርስ ሽቦውን አልነካችም። ስጨርስ፣ «ሁለተኛው ስንኝ ላይ ያለው ሰውዬ በመጨረሻ ቤቱ ገባ?» ብላ ጠየቀችኝ። ስለ ግጥሜ እንዲህ ያለ ጥያቄ ጠይቆኝ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። መልሱን አላውቀውም ነበር፤ ስለዚህ ተናደድኩባት።

የወርክሾፑ ኃላፊ ጋሽ ግርማ ነበሩ፤ በወጣትነታቸው በባቡር ጣቢያ ቴሌግራፍ ሲመቱ የኖሩ። ጡረታቸው ሲቃረብ አንድ ነገር ትተው ለመሄድ ፈልገው፣ ከቢሮ ቢሮ ተመላልሰው፣ ለኮሌጁ የአማተር ሬዲዮ ክበብ ፈቃድ አወጡ። አማተር ሬዲዮ ለዜናም ለንግድም አይደለም፤ ሰው ከሰው ጋር በአየር ላይ የሚገናኝበት ነው። ትጠራለህ፤ ከቀናህ ከማታውቀው አገር አንድ የማታውቀው ሰው ይመልስልሃል፤ ድምፅህ ምን ያህል ጠርቶ እንደደረሰው በቁጥር ይነግርሃል። ትልቁ ቁጥር አምስት ዘጠኝ ነው። ያለ አንዳች እንከን ሰምቼሃለሁ ማለት ነው። ከዚያ መስማቱን የሚመሰክር ካርድ በፖስታ ይልክልሃል።

ቅዳሜ ቅዳሜ በተራ እንቀመጥ ነበር። ሰዓዳ ሻሿን ከአንድ ጆሮዋ ላይ ትንሽ ገፋ አድርጋ ማዳመጫውን ታስጠጋለች፤ አንድ ዓይኗን ትጨፍናለች። እንግሊዝኛዋ የትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ነው። ስሟን ትናገራለች፣ አቃቂ ትላለች፣ ስለ አየሩ አንድ ነገር ትጨምራለች። «ዛሬ ደመና ነው፤ ግን የሚዘንብ አይመስልም።» በቃ። በወሩ ካርድ ይመጣል። ከግድግዳው አንድ ጥግ የጀመረው የካርዶቿ ረድፍ ወደ መስኮቱ ደረሰ። አንዱ ላይ የዓሣ አጥማጅ ጀልባ ነበር፤ ላኪው «የአቃቂን ደመና በደንብ ሰምቼዋለሁ» ብሎ ጽፎላታል። እኔ ለአንድ የሬዲዮ ፕሮግራም ሁለት ዓመት ሙሉ ግጥም ልኬ ደርሶናል የሚለኝ እንኳ አላገኘሁም። እሷ ስለ ደመና ሁለት ቃል ተናግራ ከውቅያኖስ ማዶ መልስ ይጻፍላታል። ያችን የአቃቂ ደመና ሰርቄ ግጥም ውስጥ አስገባኋት። አላማረችም።

እኔ ስቀመጥ ረጅም ነው የምጠራው። ቃል እመርጣለሁ፣ ድምፄን አሳምራለሁ። ከሬዲዮው የሚመለሰው ሹክሹክታ የመሰለ የአየር ድምፅ ብቻ ነው። አንድ ቅዳሜ ሰዓዳ ከኋላዬ ቆማ ስታየኝ ቆይታ፣

«ዮኒ፣ ቁልፉን ልቀቀው እንጂ» አለችኝ።

መናገሪያው ላይ ያለው ቁልፍ ተጭነኸው እስካለህ ድረስ የሌላውን ድምፅ አያስገባም። ይህን ማንም ጀማሪ ያውቃል። አውቃለሁ አልኳት።

«ታውቃለህ። ግን ሰው መልሶልህ ይሆናል፤ አንተ እያወራህ ነው።»

ሌላ ሰው ቢለኝ እስቅ ነበር። እሷ ስትለኝ ቀኑን ሙሉ አላናገርኳትም።

ነገሩ በሬዲዮ ብቻ አልነበረም። አንድ እሑድ ጎረቤታቸውን አጅባ ቃሊቲ ማረሚያ ቤት ሄዳ ነበር፤ የሴትየዋ ልጅ ታስሮ። ሰኞ ስትነግረን፣ ጠያቂውና ታሳሪው በሁለት አጥር መካከል ተራርቀው ስለሚቆሙ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይጮኻል፣ ማንም ማንንም አይሰማም አለች። እሷ ያጀበቻት እናት ግን አልጮኸችም። እጇን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ልጇን ዝም ብላ አየችው። ልጁ ሲያያት መጮኹን ተወ፤ አፉን ብቻ ቀስ እያደረገ አንቀሳቀሰ፤ እናቱ ሁሉንም ያዘችው። «ሹራብ ነው የፈለገው» አለች ሰዓዳ፣ «ከዚያ ሁሉ ሰው ውስጥ የፈለገውን ያገኘ እሱ ብቻ ይመስለኛል።» ጋሽ ግርማ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። እኔ ስለዚያ ማረሚያ ቤት በር፣ በሳህን ምግብ ቋጥረው ስለሚሰለፉት ሰዎች አራት ግጥም ጽፌ ነበር። በአራቱም ውስጥ ያቺ እናት የለችም። በዚያ በር ፊት ለፊት በቀን ሁለት ጊዜ በታክሲ የማልፈው እኔ ነኝ፤ እሷ አንድ ቀን ሄዳ አመጣቻት።

አሁን እኔንና እሷን ወዳጣላን ሶፍትዌር ልምጣ። የሚሊኒየሙ ፖስተር ገና ከኮሌጁ ግድግዳ ሳይወርድ ነው፤ ኢንተርኔት ሊገባልን ነው ከተባለ ሁለት ዓመት ሆኖት ያልገባበት ጊዜ። ክበባችን ከትልቁ ሬዲዮ ሌላ አሥራ ሁለት የእጅ ሬዲዮ ነበረው። እያንዳንዱ የተፈቀዱት ቻናሎች ተሞልተውለት ነበር። የሚሞሉት በኮምፒውተር ነው፤ ሬዲዮውንና ኮምፒውተሩን አንድ ኬብል ያገናኛቸዋል፤ ሶፍትዌሩ ዝርዝሩን ይጽፍበታል። ኬብሉን ከዚያ ሦስት ዓመት ቀደም ብለው ያመጡት ጋሽ ሸምሱ ነበሩ። ኮምፒውተሩን የምትይዘው ሰዓዳ ናት፤ ከአቧራ የሚከላከል ሽፋን ከሻሽ ቁራጭ ሰፍታለት ነበር።

በዚያ ዓመት አንድ ድርጅት አራት አዳዲስ የእጅ ሬዲዮዎች ሰጠን። የድሮው ሶፍትዌር አላወቃቸውም። አዲስ ቨርዥን ወጥቷል ተባለ። ሳሪስ ኢንተርኔት ቤት ግማሽ ቀን ተቀምጬ በፍላሽ አመጣሁት። መብራት ሁለት ጊዜ ሄዶብኝ ሁለት ጊዜ ከመጀመሪያው ጀመርኩ።

ሰዓዳ ፍላሹን ተቀብላ መሳቢያ ውስጥ አስገባችው። «አሁን አናድሰውም» አለች።

ጋሽ ግርማ አንድ ልማድ ነበራቸው። እኔና እሷ ካልተስማማን አይፈርዱም። ተስማሙና ንገሩኝ ይላሉ፤ እስክንስማማ ሥራው ይቆማል። ስለዚህ ሁለት ሳምንት ተከራከርን። እኔ አራት ሬዲዮ በካርቶን ተኝቶ ለምን ይቀመጣል አልኩ። አዲስ ነገር የሚሠራው እንዲሻሻል ነው አልኩ። እሷ ድምፅዋን ሳትጨምር ትመልሳለች። የሚሰጠንን እናውቃለን፣ አራት ሬዲዮ ነው፤ የሚወስድብንን አናውቅም ትላለች። ቢበላሽ ወደ ድሮው መመለሻ የለንም፤ የድሮው ሶፍትዌር ሲዲ በጋሽ ግርማ አሮጌ መኪና መስታወት ላይ ለጌጥ ተሰቅሎ ፀሐይ ጨርሶታል። ይህ እውነት ነበር፤ ጋሽ ግርማ ራሳቸው ስቀው አምነዋል።

«የሚሠራን ነገር ሲሠራ ተወው» አለች። ጋሽ ግርማ ይህችን አባባል ወደዷት። ለሌሎች መምህራን ሲደግሟት ሰማሁ፤ ሰዓዳ እንዳለችው እያሉ።

እኔን የበላኝ ሌላ ነበር። ፈቃዱን የሰጠው መሥሪያ ቤት በሚቀጥለው ሰኞ ተቆጣጣሪ ሊልክ ነው። ሬዲዮዎቹ ከተፈቀደው ቻናል ውጭ እንዳይሠሩ አንድ በአንድ ያያል። በዚያው ቀን፣ ጋሽ ግርማ ጡረታ ስለሚወጡ፣ በፈቃዱ ላይ የእሳቸው ስም ወርዶ የአዲስ ኦፕሬተር ስም ይጻፋል። ወይ እሷ ወይ እኔ። ማን እንደሚሆን ለመገመት ግድግዳውን ማየት ይበቃ ነበር።

ዓርብ እኩለ ቀን ላይ ሰዓዳ ለስግደትና ለምሳ ወጣች። መሳቢያውን ከፈትኩ።

ሐሳቤ ስትመለስ አሥራ ስድስቱም ሬዲዮ በአንድ ዝርዝር ተሞልተው በረድፍ ቆመው እንዲጠብቋት ነበር። ንጹሕ ይሁኑ ብዬ አሥራ ሁለቱን አሮጌዎች መጀመሪያ አጸዳኋቸው። ሁለት ቁልፍ አንድ ላይ መያዝ ብቻ ነው፤ ሁሉም ባዶ ሆኑ። ከዚያ ሶፍትዌሩን አደስኩት። ልክ እንደ ጨረሰ ማያው አማረ፤ ቀለሙ እንኳ አዲስ ነበር። ኬብሉን ሰካሁ። በእንግሊዝኛ አንድ መስመር ወጣ፤ ይህ ኬብል ትክክለኛ አይደለም ይላል። ነቅዬ ሰካሁ። ኮምፒውተሩን አጥፍቼ አበራሁ። ያው መስመር። አዲሱ ሶፍትዌር ኬብሉ ውስጥ ያለችውን ትንሽ ቺፕ ይመረምራል፤ ፎርጅድ ከሆነች አይቀበላትም። የድሮው አይመረምርም ነበር።

ሰዓዳ በር ላይ ቆማ አገኘኋት። የቆሙትን ሬዲዮዎች አየች፣ ማያውን አየች። አንዱን ሬዲዮ አንስታ አበራችው፣ ባዶነቱን አየች፣ መለሰችው። የምትሰድበኝ መስሎኝ መልስ አዘጋጅቼ ነበር።

«አሥራ ሁለቱንም?» አለች።

«አሥራ ሁለቱንም።»

ከቦርሳዋ ደብተር አወጣች። የሁሉንም ቻናል ቁጥር በእጇ ጽፋ ይዛ ነበር፤ ለምን ብዬ ስቄባት የነበረ ደብተር ነው። ቻናሎቹ በሬዲዮው ቁልፎች አንድ በአንድ በጣትም ይሞላሉ፤ ብዙ ሰዓት ስለሚፈጅ ማንም አይሞክረውም እንጂ። «እኔ ላንብብልህ፣ አንተ ምታ» አለችኝ። ተቀመጥን። አንድ አራት አምስት ነጥብ... ትላለች፤ እመታለሁ። እንደ ጨረስኩ ሳልነግራት ታውቃለች፤ የጣቴን ድምፅ ትሰማ ነበር። ስሳሳት ደግማ ታነባለች፤ ተሳሳትክ አትልም። ዓርብ ስድስቱን፣ ቅዳሜ ጠዋት አራቱን ጨረስን። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ከሰው ጋር እንደዚያ ተስማምቼ ሠርቼ አላውቅም። እሱንም ቀናሁበት፤ ከማንም ጋር እንዲህ መሥራት እንደምትችል ስለገባኝ።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ ሁለት ሬዲዮ ሲቀረን፣ ጋሽ ግርማ ገቡ። ኮምፒውተሩን አዩ። ምን ሆነ አሉ። ቀድሜ፣ ኬብሉ ተበላሸ አልኩ። ውሸት ነበር፤ ግን ሁላችንንም የሚያወጣ ውሸት ነበር። እሷ ዝም ብትል አልቆ ነበር።

«አልተበላሸም ጋሼ» አለች። «ድሮም ፎርጅድ ነው። አባቴ ሳያውቅ ነው ከመርካቶ የገዛው። እኔ ግን በመጀመሪያው ዓመት በማጉያ አይቼዋለሁ። አውቅ ነበር።»

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ሁለት ሳምንት የተከራከርነው ስለ ሶፍትዌሩ አልነበረም። ያቺ ጋሽ ግርማ የወደዷት አባባል፣ እኔ በመኝታዬ ሳይቀር የቀናሁባት አባባል፣ አባቷ በኮሌጁ ፊት ፎርጅድ ሻጭ እንዳይባሉ የተሰቀለች መጋረጃ ነበረች። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ሰዓዳም ትፈራለች፣ ሰዓዳም ትደብቃለች። ደስ አላለኝም። እኔ በውሸቴ መጋረጃዋን ይዤላት ሳለ ራሷ ስትገልጠው አየሁ።

ጋሽ ግርማ «ሦስት ዓመት ሙሉ...» ብለው ጀመሩና ተዉት። ከዚያ፣

«ማነው ያደሰው?» አሉ።

ሰዓዳ አንድ ጊዜ አየችኝ። እርሳሷን ደብተሩ ላይ አስቀመጠች። እሱ ነው አላለችም። እኔ ነኝም አላለችም። ጠበቀች። መልሱን እኔ እንድናገር ቦታውን ለቀቀችልኝ፤ ያን ዝምታ ያልተረዳሁት አይምሰላችሁ፤ በደንብ ተረድቼዋለሁ። ውጭ የጭነት መኪና ጡሩምባ ተሰማ። ጋሽ ግርማ እሷን እያዩ ነበር፤ ኮምፒውተሩ የእሷ ነውና። እኔ የያዝኩትን ሬዲዮ ቁልፍ መምታቴን ቀጠልኩ።

ሰኞ ተቆጣጣሪው መጥቶ አሥራ ሁለቱን አየ፣ ሁሉም ደህና ናቸው አለ። አዲሶቹ ከነካርቶናቸው ተቀመጡ። በፈቃዱ ላይ የእኔ ስም ተጻፈ። ሰዓዳ እንኳን ደስ ያለህ አለችኝ፤ እጄንም ጨበጠች። የትምህርት ዘመኑ ሲያልቅ ወራቤ ያለ ኮሌጅ በመምህርነት ተቀጥራ ሄደች። ካርዶቿን ከግድግዳ አላነሳችም። የክበቡ ናቸው አለች።

ሁለት ዓመት ቅዳሜ ቅዳሜ ተቀመጥኩ። የሚመልሱልኝ ጥቂት ናቸው፤ ከእነሱም አንዳንዶቹ ያቺ ሰዓዳ የምትባል ልጅ የት ሄደች ይሉኛል። ለእኔ አንድም ካርድ አልመጣም። ለእሷ መጣ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። እንደ መጡ መሳቢያ ውስጥ ከተትኳቸው። በዚያው ፍላሹ በነበረበት መሳቢያ። ነገ እልካለሁ እያልኩ አይደለም፤ እንደማልልክ እያወቅሁ ነው።

አራተኛው ግን ደህና ነሽ ወይ ብሎ ይጠይቃል። አንድ ሽማግሌ በአንድ ደሴት ላይ ተቀምጦ መልስ እየጠበቀ ነው። ይህን መሳቢያ ውስጥ መክተት አቃተኝ።

አራቱንም ይዤ አቃቂ በሰቃ ሄድኩ። የጋሽ ሸምሱ ሱቅ መንገዱ ሲሰፋ ፊት ለፊቱ ፈርሶ፣ አሁን ወደ ጓሮ ገብቷል። ካርዶቹን ባንኮኒው ላይ ዘርግተው አዩአቸው፤ ማንበብ ትተው ቀኖቹን ብቻ ተመለከቱ። ይህኛው የቆየ ነው አሉኝ። ስልካቸውን አንስተው ደወሉና፣ «እንካ፣ ራስህ ንገራት» ብለው ሰጡኝ።

«ዮኒ» አለች። ሁለት ዓመት ያልሰማችኝ አትመስልም ነበር። ካርድ መጥቶልሻል አልኳት። መብራት ያለበትን ግንብ ነገርኳት፣ ሰውዬው የጻፈውን አነበብኩላት። በጣም ሳቀች። እሱ ሰውዬ ሁልጊዜ ስለ ነፋስ ነው የሚያወራው፣ አሁንም አለ ማለት ነው አለች። ስንት ሰጠኝ ብላ ጠየቀች። ከታች የድሮ ግንኙነታችሁን ቁጥር ጽፎት ነበር፤ አምስት ዘጠኝ አልኳት።

«ያንተስ?» አለች። «ላንተ ስንት መጣ?»

ብዙ የሚባል ነገር ነበረኝ። ግንኙነቱ ተበላሽቷል፣ አንቴናው አርጅቷል፣ ወቅቱ አይመችም። ለአንድ አፍታ ሁሉንም ልናገር አፌን ከፈትኩ። እሷ ግን ጠይቃ ዝም አለች። ያንን ዝምታ አውቀዋለሁ። በሩቁ የልጆች ድምፅ ይሰማል፤ ትምህርት ቤት ቅርብ ሳትሆን አትቀርም። ጋሽ ሸምሱ ለአንድ ሰው አምፖል እየሞከሩ ነበር፤ ይበራል፣ ይጠፋል።

«አንድም» አልኳት። «ላንቺ ግን አራት ነው የመጣው። ሦስቱን ደብቄያቸው ነበር። ያን ቀንም ያደስኩት እኔ መሆኔን ለጋሽ ግርማ አልነገርኳቸውም፤ እስከ ዛሬ። አሁን ከዚህ ቤታቸው እሄዳለሁ።»

ከዚያ ዝም አልኩ። ሌላ አልጨመርኩም፤ አላሳመርኩትም።

ምሬሃለሁ አላለችም። ምንም አይደለምም አላለችም። ቅዳሜ ቅዳሜ ትናገርበት በነበረው በዚያ በተረጋጋ ድምፅ፣

«አምስት ዘጠኝ» አለች።